በዚናይዳ ሎቭና አልበም ላይ የተጻፈው

«ዳቦውን ግማሽ አድርጊው» ስትል ሰማት እህቱን። ፕላቶን ኢግናትየቪች በቤት ካባውና በነጠላ ጫማው ሆኖ የፊት መላጫ ሙቅ ውሃ ሊጠይቅ ወደ ማድቤት እየሄደ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ቀጥ አለ። «እሜቴ፣ በስም ቀንዎ?» አለች ፌክላ፣ ማድቤቱን አሥራ አምስት ዓመት የገዛችው ወጥ ቤት። «ሊጡ እኮ ኩፍ ብሎ ከገበቴው ሊወጣ ነው። ዓሣውስ? በሁለት ሩብል ከሰማንያ የገዛሁትን ዓሣ ድመት ልጋብዝበት?» «ለጎረቤት ስጪው። የሚመጣ ሰው የለም።» ቢላዋ ሽንኩርት ላይ መውረድ ጀመረ። ፕላቶን ኢግናትየቪች ውሃውን ሳይጠይቅ ወደ ክፍሉ ተመለሰና ያልተላጨ አገጩን እያሻሸ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

በሞስኮ ለስም ቀን ሰው አይጠራም። የሚያውቅህ ሰው ስምህን የወሰድክበት ቅዱስ መቼ እንደሚከበር ያውቃል፤ የሚወድህ ይመጣል፣ የማይወድህም ዳቦው በዓሣና በጎመን የታጨቀ መሆኑን ከሰማ ይመጣል። በሩ ከረፋድ ጀምሮ ክፍት ነው። ስለዚህ በቅድስት ግላፊራ ዕለት ጠዋት ግላፊራ የምትባል ሴት «የሚመጣ ሰው የለም» ካለች የማይመጣው አንድ ሰው ነው ማለት ነው፤ ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ወንድሟ አላጣውም። ኒካንድር ፎሚች የሚባል መሬት ቀያሽ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ አንድ እግሩን ረግረግ ውስጥ ብርድ መትቶት የሚያነክስ። ከመከር ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥ፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣ፣ ስለ ፔንዛ አውራጃ ረግረጎች ጥቂት ያወራ፣ «እንግዲህ» ይልና ይሄድ ነበር። በፋሲካ ማግስት ግን «እንግዲህ» ካለ በኋላ አልሄደም፤ ግላፊራን አገባሽ ዘንድ ፈቃድሽ ይሁን አላት። እሷም መልሱን በስሜ ቀን እነግርሃለሁ አለችው። ይህን ፌክላ በበር ቀዳዳ ሰምታ ለሰፈሩ አዳርሳዋለች። ፕላቶን ኢግናትየቪችም ከሰፈሩ ጋር ሰምቶ ያልሰማ መስሎ ከረመ።

እሱ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በሃያ አራት ዓመቱ ስለ ካውካሰስ ገደልና ስለ ተከዳ ልብ የጻፈው ረጅም ግጥም የከተማዋን ልጃገረዶች ትራስ በእንባ አርሶት ነበር። እውነቱን ለመናገር ገደሉን ያየው ከሩቅ ነው፣ ከፍታ ያዞረዋል፤ ልቡን የከዳችው ማን እንደነበረች ደግሞ ዛሬ እሱም አያስታውስም። ዓመታት ሲያልፉ ግጥሙ እየሳሳ ፌዙ እየወፈረ መጣ፤ ማልቀስ የሰለቸው ሰው መሳቅ ስለሚወድ ዝናው አልቀነሰም። «ጸደይ በየዓመቱ ይዋሻል፣ እኛም በየዓመቱ እናምነዋለን፤ ከሁለታችን ጸደይ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ አበባ ያመጣል» ያለው እሱ ነው። «ወዳጅ በችግር ቀን ይለያል ይላሉ፤ እኔ ወዳጆቼን የለየኋቸው በደስታዬ ቀን ፊታቸው ሲጠቁር ነው» ያለውም እሱ ነው። እራት ላይ የሚጠራው ለዚህ ነበር። ሾርባው ሲቀርብ አንድ፣ ጥብሱ ሲቀርብ ሌላ ካልተናገረ የቤቱ እመቤት የተጭበረበረች ይመስላታል። ከእራት በኋላ ደግሞ በቆዳ የተለበደ አልበሟን ታመጣና ወንበሩ አጠገብ ትቆማለች፣ እሱም ይጽፍላታል። አንዷ የጻፈላትን ሌላዋ ትገለብጣለች፣ ከሞስኮ ፒተርቡርግ በሳምንት ይደርሳል።

የእጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ነገር ነው። ለሃያ ዓመት ያን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት የገለበጠችለት እህቱ ናት፤ በመስኮቱ ስር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀኝ ትከሻዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ። ስትገለብጥ ስቃ አታውቅም። እሱም ይህን አስተውሎ «ግላሻችን ሁሉ ነገር አላት፣ ጥርስ ማሳየት ግን አልተሰጣትም» እያለ በሰው ፊት ይቀልድባት ነበር፤ እሷም ሻይ ትቀዳለች።

ስድስት ሰዓት ላይ እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሻለቃ መጣ፣ የቄሱ ሚስት መጣች፣ በመጨረሻም ዚናይዳ ሎቭና አዲስ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ አልበሟን በብብቷ ሸጉጣ ገባች። ግላፊራ ግራጫ የሐር ቀሚሷን ለብሳ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ሳትል ዳቦውን ትቆርሳለች። ግማሹ ዳቦ ሰፊው ሳህን ላይ አንሶ ይታይ ነበር፤ ሻለቃው ሁለተኛ ለመውሰድ አፈረና ሦስተኛ ወሰደ። ስለ ስኳር መወደድ ተወራ፣ ስለ ሞስክቫ ወንዝ በረዶ ቀድሞ መሰበር ተወራ። ከዚያ ዚናይዳ ሎቭና አልበሟን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«የኔ ጌታ፣ በዚህች በአንዲት ገጽ አገር ይያዝልኝ!» አለችው ፕላቶንን። «አሥራ አንድ ሰው ገልብጧታል! ሻለቃ፣ አልሰሙም እንዴ? ይስሙልኝማ።» ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦ «በሃምሳ ዓመቱ ሚስት የሚፈልግ ወንድ የሚፈልገው አስታማሚ ነው፤ በአርባ ዓመቷ እሺ የምትለው ሴትም የምታገባው ባል ሳይሆን የጓዳ ቁልፍ ነው።»

ሻለቃው እስኪያስለው ሳቀ። የቄሱ ሚስት አፏን በመሐረብ ሸፍና ሳቀች። ዚናይዳ ሎቭና ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ስለ ቀያሹ የምታውቀው አንዳች ነገር የለም፣ የምትኖረውም ከወንዙ ማዶ ነው። «አንቺማ ታውቂዋለሽ፣ ግላፊራዬ» አለች። «ባለፈው ሐሙስ ፒተርቡርግ ላለችው የአክስቴ ልጅ እንድትገለብጪልኝ አልበሙን ልኬልሽ አልነበር? እንዴት ያማረ ጽሑፍ ነው እቴ! የወንድምሽን ቃል ያንቺ እጅ ሲጽፈው ወርቅ ይሆናል።» «አዎ» አለች ግላፊራ። «ሁለት ጊዜ ነው የገለበጥኩት።» የሻለቃውን ብርጭቆ አንስታ ሞላችለት፤ አንዲት ጠብታ በጠረጴዛው ልብስ ላይ አልፈሰሰችም።

ፕላቶን ኢግናትየቪች ጆሮው ሲግል ተሰማው። ያን ቃል የጻፈው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሻይ ዘግይቶ፣ ሁሉም አፉን ሲጠብቅ ነው። ብዕሩን ሲያነሳ ማንን እያሰበ እንደነበር ለራሱም አልነገረውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ግን አሁን ሁለቱም በአንድ ቀን የታወቁት መሰለው። «ውሸት ነው» አለ። «ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ሰነፍ ቃል ነው፣ እውነትነት የለውም።» ሻለቃው ጭኑን መታ። «ይብስ!» አለ፤ «ይሄኛው ይብሳል!» ዚናይዳ ሎቭናማ እጇን አጨብጭባ ቀለም እንዲመጣላት ጠየቀች። «ይጻፉልኝ! ከሥሩ እንዲሁ እንዳሉት ይጻፉልኝ፦ ከላይ ያለው ውሸት ነው!» «የምሬን ነው፣ ዚናይዳ ሎቭና።» «ይሄንንም! ‹የምሬን ነው› የሚለውንም ይጨምሩበት!» ሊያስረዳ ሞከረ፣ እየደጋገመ ባስረዳ ቁጥር የቄሱ ሚስት እንባዋን ትጠርግ ነበር። በመጨረሻ ጻፈላት። ሃያ ዓመት ያሾፈ ሰው እሳት ነው ብሎ ቢጮህ እንኳ እንዴት ያለ ቀልድ ነው ይሉታል፣ ከእንግዲህም ከዚህ የሚያድነው አልነበረም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ፌክላ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። እህቱ የጠረጴዛውን ልብስ በእጇ ታራግፋለች። «ኒካንድር ፎሚች ምነው ቀረ?» አላት፣ መስኮቱን እያየ። «አልቀረም። እንዳይመጣ ጽፌለታለሁ።» «ለምን?» ቀና ብላ አየችው፣ በመገረም። «አንተው ጽፈኸው የለም እንዴ?» አለች። ቁጣ የለበትም። የሰማይን ሁኔታ የጠየቁት ሰው እንደሚመልሰው ነበር የመለሰችው። «ሐሙስ ዕለት ስገለብጠው ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነትም ያን ቤት ሳስብ መጀመሪያ የማስበው ጓዳውን ነበር። መደርደሪያውን የት እንደማደርግ። ስለ እሱ ሳይሆን ስለ መደርደሪያው። እሱም ስለ እግሩ ብዙ ያወራል። ልክ ነህ ብዬ ለእሱም ጻፍኩለት። ዛሬ ማታ ለሥራ ወደ ፔንዛ ይሄዳል፣ አይመለስም።» «ግላሻ፣ ለሳቅ ያልኩት ነው እኮ!» «ለሳቅ?» አለች። ቃሉን እንደማያውቁት ሳንቲም ያገላበጠችው መሰለ። «እኔ አንተ የጻፍከውን ሁሉ እውነት ብዬ ነው የገለበጥኩት።»

ፕላቶን ኢግናትየቪች ኮቱን ለበሰ፤ ፌክላ ሻርፕ ይዛ እስከ ደረጃው ተከተለችው። «ጌታዬ፣ ሳይላጩ?» «ተይኝ።» «ይሂዱ እንግዲህ፣ ይሂዱ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ግን በእግርም ቢሆን ይሞክሩት።» መንገዱ የሚያዝያ ጭቃ ነበር። ባለ ጋሪው አርባ ኮፔክ ጠየቀው፣ ሌላ ጊዜ በሃያ ይከራከር ነበር፣ ዛሬ ወጣና ተቀመጠ።

ቀያሹ የተከራየው ከአንድ ኮርቻ ሰፊ ቤት በላይ ነበር፤ ደረጃው በሙሉ ቆዳና ሙጫ ይሸታል። ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የብረት አልጋ፣ በገመድ የታሰረ ሣጥን፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ የመለኪያ ሰንሰለት፣ መስኮቱ ላይ በጋዜጣ የተሸፈነች የማሰሮ አበባ። ኒካንድር ፎሚች እንግዳውን ሲያይ በአንድ እግሩ ተመርኩዞ ተነሳና ያለችውን አንዲት ወንበር በእጁ ጠራርጎ ሰጠው፤ ራሱ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። «አበባዋ ለግላፊራ ኢግናትየቭና ነበረች፣ ለስሟ ቀን» አለ። «በሰረገላ አትወሰድም፣ ትቀዘቅዛለች። ለኮርቻ ሰፊው ሚስት ልተዋት ነበር። እርስዎ ይወስዱላታል?»

ፕላቶን ኢግናትየቪች መጥቶ ሊል ያሰበውን አንድ ባንድ ተናገረ፤ ቃሉ ቀልድ እንደነበረ፣ እህቱ እንደተሳሳተች፣ እሱ ቅን ሰው መሆኑን እንደሚያውቅ። ሲናገር ድምፁ ለራሱ ጆሮ የእራት ጠረጴዛ ድምፅ ሆኖበት ሁለት ጊዜ አቋርጦ እንደገና ጀመረ። ቀያሹ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማው። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ከደረት ኪሱ ደብዳቤውን አውጥቶ ዘረጋለት። ፕላቶን ኢግናትየቪች የራሱን ቃል በእህቱ እጅ ተጽፎ ሺህ ጊዜ አይቷል፤ በዚያ ክብ ክብ ፊደል፣ በዚያ ንጹሕ መስመር። ይህኛው ግን ከሥሩ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፦ «ወንድሜ ይህን ጽፏል፣ እኔም መርምሬው እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ይቅር ይበሉኝ።» አንብቦ ሲጨርስ ሊያስቀው የሚችል ነገር ገጹ ላይ ፈለገ፣ አላገኘም። አንድ የሰለቸው ሰው በሁለት ምስኪኖች ላይ የተፋው ምራቅ ነበር። እንዲህ ብሎ አሰበው፣ አላለሰለሰውም።

«እኔም ከሐሙስ ጀምሮ ሳስብበት ነው የከረምኩት» አለ ኒካንድር ፎሚች። «የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ፕላቶን ኢግናትየቪች። መሬት ነው የማውቀው። ግን ለራሴ ጠየቅሁ፣ አስታማሚ ነው ወይ የምትፈልገው አልኩ። እግሬ በክረምት ያመኛል፣ እውነት ነው። ታዲያ እሷ ብትታመምስ? እኔ አላስታምምም? የሞተችውን ሚስቴን ሁለት ዓመት አስታምሜአለሁ፤ ከባድ ነው፣ ግን ሚስት አልነበረኝም ብዬ አላውቅም።» የሣጥኑን ገመድ አጠበቀ። «ይህን ልጽፍላት ነበር። ከእርስዎ ቃል ጎን ሲቀመጥ ምንም አያምርም፣ ቀደድኩት።» ፕላቶን መሬት መሬቱን አየ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ቀያሹ፤ «ካላመኑበት ለምን ጻፉት?»

መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ሁልጊዜ ይኖረው ነበር። ዛሬ ግን «አላውቅም» አለ፣ ውሸቱን ነበር። ያውቀዋል። ቀያሹም አላስጨነቀውም። «ሰረገላው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል» አለው። «እሷ መጥታ አንድ ቃል ብትለኝ ሣጥኔን አወርዳለሁ። ሥራው ይቅር፣ ረግረግ የትም አለ። ደብዳቤ ግን አልፈልግም፣ በደብዳቤ እናንተ ትበልጡኛላችሁ። ራሷ ትምጣ።»

ፕላቶን ኢግናትየቪች አበባዋን ጭኑ ላይ ታቅፎ ተመለሰ። ባለ ጋሪውን በር ላይ አስቁሞ ጠብቅ አለው። ደረጃውን ሲወጣ ልቡ ይመታ ነበር፣ ገደል በጻፈበት ዕድሜው እንኳ እንዲህ መትቶለት አያውቅም። እህቱን በመስኮቱ ስር አገኛት፣ የትናንቱን ወረቀት እየገለበጠች። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ሟች ሚስቱ፣ ስለ ተቀደደችው ወረቀት። ማስዋብ ሞክሮ አልነበረም፣ ጊዜም አልነበረውም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። «ሁለት ዓመት አስታመማት?» አለች ግላፊራ። «ሁለት ዓመት። ይህን ነግሮሽ አያውቅም?» «ስለ ረግረግ ነበር የሚያወራው» አለች፤ ፊቷም ቀላ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትቀላ አይቷት አያውቅም። ብዕሯን ሳትጠርግ ትታ ተነሳች። ፌክላ ከማድቤት በሩጫ ካፖርቷን አመጣች፣ ባርኔጣዋን ጭራሽ ወደ ኋላ ደፋችላት፣ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ የኔ እርግብ» እያለች አማተበችባትና የጋሪውን ነጂ እንዳይሄድ ልትይዘው ቀድማ ወረደች።

ወንድምና እህት በር ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ግላፊራ የግራ እጅ ጓንቷን አጠለቀች፣ የቀኙን ስታጠልቅ ቆም አለች። «ፕላቶሻ» አለችው፣ «ግን ለምን ጻፍከው?»

ሦስት መልስ መጣለት፣ ሦስቱም ያምሩ ነበር። ከሦስቱ ማናቸውንም ቢላት ደረጃውን ትወርድ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያምነው አጥቶ፣ ሲምል ተስቆበት፣ የቀያሹን ጥያቄ ሳይመልስ ጭቃ ለጭቃ ሲንገላታ ውሎ ነበርና ጉሮሮው ውስጥ የቆየው ነገር ወጣ። «ፈርቼ ነው» አላት። «ትተሺኝ እንዳትሄጂ ፈርቼ። እዚህ ብቻዬን ስቀመጥ ታየኝ። ማንም የማያነበውን እየጫርኩ። ማታ ቤቱ ጭር ሲል፣ ግላሻ፣ እኔ እኮ ሰው የለኝም።»  ይህን ያለው ሊፈታት ይሁን ሊያስራት ያን ጊዜ ራሱ አላወቀም፣ በኋላም በእርጋታ ሊመረምረው ድፍረት አላገኘም።

ግላፊራ አየችው። ያልተላጨ አገጩን፣ ሻርፑን፣ አሁንም በደረቱ አቅፎ የያዘውን የሌላ ሰው አበባ አየች። የነገራትን ሁሉ ሁልጊዜ አምናዋለች፣ ይህንንም አመነችው። ከታች ፌክላ «እሜቴ! አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው ይላል!» ብላ ጮኸች። ግላፊራ የቀኙን ጓንት ጣት በጣት ስባ አወለቀችው፣ ቀጥሎም የግራውን።

ምን እየሆነ እንዳለ ወዲያው ገባው። «ሂጂ» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አንዲት ቃል ናት፣ ማንም ገልብጦ አልበም ላይ የማያሰፍራት ቃል። አፉ ውስጥ ነበረች። በሕይወቱ እንዲህ ያፈረበት ሰዓት አልነበረም፤ ከእፍረቱ ስር ደግሞ አንድ ሞቅ ያለ ደስታ ተንቀሳቀሰ፣ ከእፍረቱ ይልቅ ያስደነገጠውም እሱ ነው። እህቱ ካፖርቷን ሰቀለች።

«ሻይ ላቅርብልህ?» አለችው።

«አቅርቢልኝ» አለ።